ከቡር ዱባይ የተነሣው ዶክተር

ሥራዬ ዘጋቢነት ነው። ያላየሁትን አየሁ አልልም፤ አንድ ሰው የነገረኝን ሌላ ሰው ካላረጋገጠልኝ አልጽፍም። ሰዎች ሲጮሁ አልጮህም፤ ማን እንደጮኸ፣ ለምን እንደጮኸ እጠይቃለሁ። ባልደረቦቼ «ይሄ ሰውዬ ደንግጦ አያውቅም» ይሉኛል፤ እኔም ይሄ ስም ሲወጣልኝ ዝም ብዬ መቀበሌን አልደብቅም። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ስም በአራት ቀን እንዴት እንዳራገፈችልኝ ስለምተርክላችሁ፣ ከየት ከፍታ እንደወደቅሁ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ልጅቷ የራሴ ናት። ቤዛ ትባላለች።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቷ አጭር መልእክት ደረሰን። ቤዛ የክትባት ካርዷ ላይ አንድ ማጠናከሪያ ይጎድላታል። እስከ ሐሙስ ተከትባ ካርዱ ካልቀረበ ቦታዋ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል። ሻርጃ ልጅ የምታሳድጉ ታውቁታላችሁ፤ ለቤት የቀረበ የኬጂ ቦታ ጥላ እንዳለው መኪና ማቆሚያ ነው፤ አንዴ ከለቀቃችሁት ተመልሳችሁ አታገኙትም። ቤዛ ደግሞ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ካገኘች ጀምሮ አቅፋው ነው የምትተኛው። እዚህ ሳምንቱ ሐሙስ ላይ ያልቃል። አራት ቀን አለን ማለት ነው። አራት ቀን ለአንድ መርፌ! ጦርነት እንኳ በአራት ቀን ይዘገባል አልኩ በሆዴ።

ባለቤቴ ሳባ ዱባይ ውስጥ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ለሥራ እየወጣች በር ላይ ቆማ መከረችኝ።

«ምንም አትንገራት። አይስክሬም ልንበላ ነው በላትና ውሰዳት።»

«ሐሰተኛ መረጃ አልሰጥም።»

«ልጅህ እኮ ናት፤ አንባቢህ አይደለችም።»

«ለዚያ ነዋ!» አልኳት። ኮራ ብዬ ነበር ያልኩት። ይህችን ኩራቴን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቤዛን ሶፋ ላይ አስቀምጬ መግለጫ ሰጠሁ። ማን? ዶክተር። የት? ከመንገዱ ማዶ ያለው ክሊኒክ። መቼ? ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት። ምን? አንድ መርፌ፣ ክንድ ላይ። ለምን? እንዳትታመሚ፣ ትምህርት ቤት እንድትገቢ። ፊቷ እየገረጣ ቢሄድም እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዶክተሩን በምን አውቀዋለሁ?»

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። የእኔ ልጅ!

«ነጭ ልብስ የለበሰው ነው» አልኳት።

በሥራ ዘመኔ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ እንደዚህ የጸጸተኝ የለም። የአገሬው ወንድ በሙሉ ነጭ በሚለብስበት አገር እንደምንኖር ረስቼው አይደለም። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አላሰብኳቸውም ነበር።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ተከፈተ። ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ከአንገታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚያበራ ነጭ ከንዱራ ለብሰዋል፤ በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘዋል። ቤዛ አንዴ ቀና ብላ አየቻቸው።

«መጣ! አባዬ፣ መጣ! እሱ ነው!»

ጩኸቷ የሕንጻውን ጥበቃ ከወንበሩ አስነሣ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው «ሹ ሙሽኪላ?» አሉ፤ ምን ችግር ተፈጠረ ማለታቸው ነው። በተሰባበረ ዓረብኛዬ «ዶክተር ትፈራለች፤ ዶክተር ነጭ ይለብሳል ብያት ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ቁልቁል ተመለከቱ፤ ልብሳቸውን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ከሊፍቱ ወጥተው፣ «ያላ፣ እናንተ ሂዱ» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው በደረጃው ወጡ። እግዜር ይስጣቸው። ሦስተኛ ፎቅ ደርሰን በሩ ሲከፈት ግን ፊት ለፊታችን ባለው የእንግዳ ወንበር ላይ አራት ነጭ ለባሾች ተደርድረው ቡና ይጠጣሉ። አንድ ሙሉ ረድፍ ዶክተር! ቤዛ የሊፍቱን መደገፊያ ብረት በሁለት እጇ፣ እኔን በሁለት እግሯ ያዘች። በሩ አራት ጊዜ ተዘግቶ አራት ጊዜ ተከፈተ። ነርሷ መጥታ እንዲህ ያለ ልጅ በግድ እንደማይወጉ በትሕትና ነገረችኝ። ቀጣዩ ክፍት ቀጠሮ ሐሙስ ረፋድ፣ ጎረቤት ከተማ ዓጅማን ባለው ቅርንጫፋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ እየተንሰቀሰቀች፣ እኔ እያሰብኩ ነበር። «መጣ» ነው ያለችው። ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ሰው «መጣ» አይልም። ይህች ልጅ አንድን ሰው ስትጠብቅ ኖራለች። ማነው እሱ? ማን ነገራት? ምንጩን ለማግኘት ቆርጬ ተነሣሁ።

ማክሰኞ ምርመራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳባን ጠየቅሁ። «እኔ በእራት ሰዓት ቤት መቼ ተገኝቼ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የቀረችው እህት ታደለች ነበረች። እህት ታደለች አፓርታማውን ትጋራናለች፤ ሁለቱ ክፍል የእኛ፣ አንዱ የእሷ ነው። ቀን ቀን ዱባይ አንዲት ማዳም ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ጠዋት ከወንድሞችና እህቶች ጋር በኪራይ አዳራሽ ታመልካለች፤ ድምጿ አዳራሹን የሚሞላ ዘማሪ ናት። ሰኞ ዕለት ቤዛን ስታለቅስ አይታ እጇን ጭናባት የፍርሃትን መንፈስ ስትገሥጽ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን አንኳክቶ ነበር።

ወጥ ቤት አገኘኋት።

«እህት ታደለች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ቅር እንዳይልሽ።»

«ጠይቅ ወንድሜ።»

«ለቤዛ ስለ ዶክተር የነገርሻት ነገር አለ? ማለቴ... ማስፈራሪያ ቢጤ?»

ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አጋደመችው። «እኔ?»

«ለመረጃ ያህል ነው። ክስ አይደለም።»

«ዋላሂ ይሄ ሰውዬ!» አለችና ወዲያው ዓይኗን ጨፍና «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ የማዳም ቤት ምላስ ነው» አለች። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች። «ስማኝ ወንድሜ። በእኔና በእናንተ መካከል ያለው ግድግዳ ሳንቃ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በእራት ሰዓት፣ ‹ሃሎ ዶክተር› የሚለው ማነው?»

ድስቱን ማማሰል ጀመርኩ።

«እኔ ራሴ እኮ የት ደረሰ እያልኩ ሳዳምጥ ነው እራቴ የሚቀዘቅዘው! ባለፈው ሳምንት አል ናህዳ ድልድይ ጋ መንገድ ተዘግቶበት ቀረ። ኋላ ምን ሆነ?»

እዚህ ላይ የእምነት ቃሌን ልስጥ። ነገሩ ጠፍቶኝ አልነበረም፤ እንደ ውሸት ቆጥሬው ስለማላውቅ ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ልጅ ሁሉ ያደገው በዚህ ነው። አልበላም ያለ፣ አልተኛም ያለ፣ ያስቸገረ ልጅ «ቆይ ሐኪሙ መጥቶ ይወጋሃል» ይባላል። እናቴ ብላኛለች፤ አክስቶቼ ብለውኛል፤ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ብሎኛል። ልዩነቱ እነሱ አንዴ ብለው ይተዉታል። እኔ ዘጋቢ ነኝ፤ ዝርዝር ጨመርኩበት።

ቤዛ ሹሮ ፍትፍቷን እምቢ ስትል ስልኬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። «ሃሎ ዶክተር? አዎ፣ እምቢ ብላለች። መርፌውን ይዘሃል? ትልቁን? እሺ።» ከዚያ ስልኩን ሳልዘጋ የቀጥታ ስርጭቱን እጀምራለሁ። «ከቡር ዱባይ ተነሣ።» አንድ ጉርሻ። «ሜትሮ ተሳፈረ።» አንድ ጉርሻ። «ሜትሮው ሻርጃ ስለማይገባ ወርዶ አውቶቡስ እየጠበቀ ነው።» አላምጣ እንድትውጥ ጊዜ ሲያስፈልጋት መንገድ እዘጋለሁ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን «በልታለች ዶክተር፣ ተመለስ» ብዬ ስልኩን አስቀምጣለሁ። ቢሮዬ ቡር ዱባይ ነው፤ በየቀኑ የምመጣበት መንገድ ነው። የሜትሮው መስመር ትክክል ነበር፤ የአውቶቡሱ ቁጥር ትክክል ነበር፤ መጨናነቁም ትክክል ነበር። ከዶክተሩ በስተቀር ሁሉም የተረጋገጠ ነበር።

ወደ ቤዛ ክፍል ገባሁ። ቦርሳዋን አቅፋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ቤዛዬ፣ ሐሙስ ስንት መርፌ የምትወጊ ይመስልሻል?»

«ብዙ።»

«አንድ ነው እኮ ያልኩሽ።»

«አይደለም» አለች፤ የማላውቀውን ነገር እያስረዳችኝ ነው። «እምቢ ያልኩበት ሁሉ አለ። እሱ እኮ ተመለሰ እንጂ አልተወውም። መርፌዎቹን አስቀምጧቸዋል።»

ሰው መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ ተከታይ ጥያቄ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው።

በሥራችን አንድ ሕግ አለ። ስህተት ከተሠራ እርማቱ ስህተቱ በወጣበት ቦታ፣ ስህተቱ በወጣበት መጠን ይወጣል። ፊት ገጽ ላይ ዋሽቶ ጀርባ ገጽ ጥግ ላይ ማረም የለም። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ሁሉንም እራት ላይ ሰበሰብኩ። ሳባ እረፍቷ ነበር። እህት ታደለች አልተጠራችም፤ ከሳንቃው ማዶ ግን ወንበሯ ወደ ግድግዳው ሲጎተት ሰምቻለሁ። ስልኬን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት።

«ቤዛ፣ እርማት አለኝ። እርማት ማለት አንድ ሰው ትክክል ያልሆነ ነገር ሲናገር ቆይቶ ትክክለኛውን ሲናገር ነው። በስልክ የማወራው ዶክተር የለም። ኖሮም አያውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ቤዛ ማላመጧን አቆመች።

«ታዲያ ስትደውል ማን ነበር የሚያወራው?»

«ማንም።»

«ብቻህን ነበር የምታወራው?»

«ብቻዬን።»

«ድልድዩ ጋ መንገድ የተዘጋ ጊዜስ?»

«ድልድዩ እውነት ነው። ዶክተሩ ነው የሌለው።»

ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?» ሳባ በዚያች ቅጽበት መታጠብ ያለበት ሳህን ትዝ አላት።

ቤዛ ግን በቃል ብቻ የምትረታ ልጅ አይደለችም። ስልኩን አንሥታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ሃሎ?» ዝም። «ሃሎ ዶክተር? ሹሮ እምቢ ብያለሁ!» ዝም። ተጠንቅቃ አዳመጠች፤ በሌላኛው ጆሮዋ ደገመችው፤ ጠረጴዛው ሥር ገብታ ደገመችው። በመጨረሻ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው።

«የለም» አለች። ትከሻዋ ወረደ፤ ትንፋሿን ለቀቀችው። ሁለት ዓመት ይዛው የነበረ ትንፋሽ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀች። «መርፌው ግን ያማል?»

«አያምም!» አለች ሳባ ከወጥ ቤት።

«አያምም በላት ወንድሜ!» አለች እህት ታደለች ከግድግዳው ማዶ።

«ያማል» አልኩ እኔ። «ትንሽ። ቶሎ ያልቃል።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

መልስ ስፈልግ በሩ ተንኳኳና እህት ታደለች የልብስ መቆንጠጫ ይዛ ገባች። «ጸልየንበታል፤ ይሄንንም ሞክሩት» አለች። መቆንጠጫውን ክንዴ ላይ አደረግሁት። ቤዛ አየችኝ። እሷም ክንዷ ላይ አደረገችው፤ ፊቷ ተጨማደደ፤ «አንድ» ብላ ቆጠረችና አወለቀችው። «ይሄን ያህል ከሆነ እችላለሁ።»

ሳባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ጎበዝ ነህ» አለችኝ፤ «ከነገ ጀምሮ በምን እንደምታበላት ግን አስበህበታል?» አላሰብኩበትም ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ወደ ዓጅማን ነዳን፤ እኔና ቤዛ ብቻ። ቦርሳዋን ጀርባዋ ላይ፣ መቆንጠጫውን እጇ ላይ ይዛ መኪናው ውስጥ ትዘፍናለች። እኔም ለራሴ ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። ክሊኒኩ ደረስን፤ ካርዱን ሰጠሁ፤ ወደ ክፍሉ አስገቡን። ዶክተሩ ትንሽ ዘግይቷል አለች ነርሷ። ቤዛ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

በሩ ተከፈተ። ዶክተሩ ነጭ ካፖርቱን እየለበሰ፣ እያለከለከ ገባ።

«በጣም ይቅርታ» አለ በእንግሊዝኛ። «መንገዱ ተዘግቶ! የምመጣው እኮ ከቡር ዱባይ ነው።»

ቤዛ እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም። «ቡር ዱባይ» የሚለውን ግን አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። እግሯ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«የለም አላልክም?»

ያስተባበልኩት ዜና በሩን ከፍቶ ሲገባ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ አፌን ሳልከፍት ልጅቷ ከነቦርሳዋ ወንበሩ ሥር ገባች። ዶክተሩ እኔን ያያል፤ እኔ ሰዓቱን አያለሁ። የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ከዛሬ በኋላ ቀጠሮ የለም፤ ከዛሬ በኋላ ቦታም የለም። ጎትቼ ላወጣት እችል ነበር። ወይም «ቡር ዱባይ አላለም፤ ሌላ ቦታ ነው ያለው» ልል እችል ነበር፤ ቃሉ አፌ ድረስ መጥቶ እንደነበር ልሸሽጋችሁ አልችልም። ዋጥኩት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤዛ፣ እኔን አትመኚኝ። ልክ ነሽ። ራስሽ ጠይቂው። ያልሽውን እተረጉማለሁ፤ ከራሴ ምንም አልጨምርም።»

ከወንበሩ ሥር የመጀመሪያው ጥያቄ መጣ። «አባዬ ደውሎልህ ያውቃል?»

ተረጎምኩ። «በፍጹም» አለ ዶክተሩ። «አባትሽን ዛሬ ገና ነው ያየሁት።»

«የመጣኸው በሜትሮ ነው በአውቶቡስ?»

«በመኪናዬ።»

አንድ ጫማ ወጣ። ዶክተሩም እንደ እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ነገሩ ሳይገባው፣ ግን ከባድ ጉዳይ እንደሆነ ገብቶት።

«ሹሮ እምቢ ያለ ልጅ ትወጋለህ?»

ተረጎምኩ። ዶክተሩ ግንባሩን ቋጠረ። «ይቅርታ፤ ሹሮ ምንድን ነው?»

«ምን አለ?»

«ሹሮ ምንድን ነው አለ።»

ከዚያ የቤዛ ጭንቅላት ብቅ አለ። «ሹሮ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«ጭራሽ?»

ዶክተሩን ከጫማው እስከ ፀጉሩ መረመረችው። ሹሮ የማያውቅ ሰው በሹሮ ምክንያት ከቡር ዱባይ ሊነሣ አይችልም። እኔ ራሴ ዜናውን ብመረምር ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አላገኝም ነበር። «እሱ አይደለም» አለች። ወጥታ ግን አልጨረሰችም። «ስንት ነው የምትወጋኝ?»

«አንድ።»

«የድሮውስ?»

ለዚህ ትርጉም ብቻ አልበቃም። ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳሁት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጭምር። ዶክተሩ ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። የካፖርቱን ሁለት ኪሶች ገልብጦ አሳያት፤ መሳቢያውን ከፍቶ አሳያት፤ እጆቹን ዘረጋላት። «የተቀመጠ ምንም የለም። አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የዛሬ።»

ቤዛ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከዚያ መቆንጠጫውን አንሥታ ጆሮዬ ላይ አደረገችው። «አንተም እኩል» አለችኝ። ተገቢ ነበር። «አንድ» ብላ ቆጠረች፤ መርፌው ገባ፤ ወጣ። አለቀሰች፤ እውነተኛ ለቅሶ፣ ግን አጭር። መቆንጠጫውን ከጆሮዬ የሚያነሣልኝ ስለጠፋ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስለነበር ነርሷ መሐረቡን መጀመሪያ የሰጠችው ለእኔ ነው።

ካርዱ ማኅተም ተመታበት። ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አደረስነው፤ ጸሐፊዋ የቤዛን ስም ጻፈች። ቤዛ ደረጃውን እየወረደች እጄን ሳብ አደረገችው።

«አባዬ፣ ከመቆንጠጫው ይበልጣል።»

«በጣም?»

«ትንሽ። ግን ይበልጣል። አርመው።»

ይኸው አረምኩ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ሳባ ሥራ ነበረች። ለቤዛ እንደ ወትሮው ሹሮ ሠራሁላት። የእሷን ለብቻ ነው የምሠራው፤ ጨው ለልጅ አይበዛም፣ ቅመም አይበዛም እያልኩ። የራሴ ላይ ሚጥሚጣ እነሰንስበታለሁ። ቤዛ ሳህኑን አየችው፤ በእጇ ጀርባ ገፋችው። «እምቢ።»

እጄ ወደ ስልኬ ሄደ። ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ነው። መሐል መንገድ ላይ አቆምኩት። ቤዛ እጄን ታየዋለች። ከሳንቃው ማዶ የእህት ታደለች ወንበር ተጎተተ።

«ለምን ልብላው?» አለች ቤዛ።

«ጥሩ ስለሆነ።»

«ቀምሰኸዋል?»

አልቀመስኩትም ነበር። ከሳህኗ አንድ ጉርሻ አነሣሁና ጎረስኩ። አላመጥኩ። ለመዋጥ ውኃ ፈለግሁ። ያላየሁትን አየሁ ስለማልል፣ የቀመስኩትንም አልሸሽግም፤ ሹሮው የረጠበ ካርቶን ነበር።

«እንዴት ነው?»

«መጥፎ ነው» አልኩ።

«እኮ!» አለች። «እኔም ለዚያ ነው እምቢ የምለው።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ» አለች ቤዛ። «ስልክ ላይ ነበርክ።»

«ወንድሜ፣ ጨው እኔ ጋ አለ!» አለች እህት ታደለች ከግድግዳው ማዶ።

ሳህኑን አንሥቼ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።